የጎመን ምንቸት አይውጣ

ልጆቼ፣ መስከረም ሲጠባ አገሩ ሁሉ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይላል። እኛም በወለጋ፣ በሲሬ እንላለን። ክረምቱን ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ አዲሱ በቆሎ ገና ሳይደርስ፣ ጎመን ብቻ ይዞት የከረመ ቤት ይህን ቢል አይፈረድበትም። ራብ ያስጨነቀው ሰው፣ ራቡን ሲሸኝ ያሻገረውን ቅጠልም አብሮ ይሸኛል። ነገር ግን አባባሉ እየዋለ እያደረ ልማድ ሆነብን። ጎመን የድሃ ምግብ ነው ተባለ። ልጅ ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ሲመጣ እናቱ የጎመኑን ድስት ወደ ጓዳ ገፍታ ዶሮ ታስሳለች፤ እንግዳ ቤት ሲገባ ጎመን ያቀረበ ሰው ያፍራል።

አባቶች ግን ሌላም ቃል ትተውልናል፤ «ጎመን በጤና» ብለውናል። በጭንቀት ከሚበላ ጮማ በሰላም የሚበላ ጎመን ይሻላል ማለታቸው ነው። ይህ ትርጉሙ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ጎመኑ ራሱ ጤናን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው። ነገሩ ረቂቅ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድበት።

በሰውነታችን ውስጥ መርዝ የማይገባበት ቀን የለም። ከማገዶው ጭስ ይገባል፣ ከሻገተው እህል ይገባል፣ ካረረው ሥጋ ይገባል፣ ከሲጋራው ይገባል። ጉበት ይህን ሁሉ ተቀብሎ ለማስወጣት በሁለት ደረጃ ይሠራል። በመጀመሪያው ደረጃ ያሉት ኢንዛይሞች መርዙን ይነካኩታል፣ ይለውጡታል። ታዲያ አንዳንዱ መርዝ የሚከፋው ከተነካካ በኋላ ነው። እንደገባ ብዙም ጉዳት የሌለው ነገር፣ ጉበት ሲለውጠው ስለት አውጥቶ ዘረ መላችን ላይ ይጣበቃል። ዘረ መሉ የተበላሸበት ሴል ደግሞ ሥርዓቱን ስቶ ያለ ልክ ሊባዛ ይችላል፤ የብዙ ካንሰር መነሻው ይህ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ጥበቃው ነው። በዚህ ያሉት ኢንዛይሞች ግሉታታዮን የሚባለውን የሰውነታችንን ንጥረ ነገር ስለት ካወጣው መርዝ ጋር ያጣብቁታል፤ ያን ጊዜ ስለቱ ይዶለዱማል፣ መርዙም በሽንትና በሐሞት ታጅቦ ይወጣል። ክፋቱ፣ እነዚህ ጠባቂዎች ካልቀሰቀሷቸው በቀር ከሚችሉት በታች ነው የሚሠሩት።

የግቢ ውሾችን አስቡ። ሌሊቱ ጸጥ ሲል ተጋድመው ያንቀላፋሉ። አንድ ምንም ክፋት የሌለው መንገደኛ በአጥሩ ጥግ ሲያልፍ ግን ይነሳሉ፣ ይጮኻሉ፤ መንገደኛው ርቆ ከሄደ በኋላም ጆሯቸውን ቀስረው ይቆያሉ። በዚያ ሰዓት ጅብ ቢመጣ የሚጠብቁት የነቁ ውሾች ናቸው። የጎመን ምሬትና የሰናፍጭ ማቃጠል ለሰውነታችን ያ መንገደኛ ነው። ራሱ መርዙን አይገድልም፤ ቆንጠጥ አድርጎ ጠባቂዎቹን ያስነሳል፤ እሱ ከሰውነት ከወጣ በኋላም ኢንዛይሞቹ በርክተው ይሰነብታሉ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ሐዘን እንዳይደርስብን፣ ጩኸቱ ቀድሞ መሆን አለበት።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ጃፓናዊው ማሳዩኪ ያማሞቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አሳይተዋል። በየሴላችን ውስጥ ኬፕ-1 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ኤንአርኤፍ-2 የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ይዞ አያንቀሳቅሰውም። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ኬፕ-1ን ሲነካው መያዙን ይለቃል። የተለቀቀው ኤንአርኤፍ-2 ወደ ሴሉ እምብርት ይገባና የመከላከያ ኢንዛይሞች የሚሠሩባቸውን ጂኖች በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፖል ታላላይ የሚባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እነዚህን ኢንዛይሞች ከሁሉ አብልጦ የሚቀሰቅስ ምግብ ሲፈልጉ ብሮኮሊ ላይ ደረሱ። ከእሱም ሰልፎራፌን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የሦስት ቀን የብሮኮሊ ቡቃያ፣ የዚህን ንጥረ ነገር መነሻ ከጎለመሰው ከ10 እስከ 100 እጥፍ እንደሚይዝ አሳዩ። ወሬው ዓለምን ዞረ፤ ብሮኮሊ ተወደደ፣ ዱቄቱም በእንክብል እየታሸገ ይሸጥ ጀመር።

እኛስ? እኛ የብሮኮሊን የሥጋ ዘመድ በጓሯችን ተክለን ለበግ እንጥላለን። የአበሻ ጎመን የዘር ሐረጉ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1935 በጃፓን ይሠራ የነበረው ዉ ጃንግ ቹን የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ሐረጉን ቆጥሮ አስቀምጦታል። በአንድ ወገን የሰናፍጭ ልጅ ነው፤ በሌላ ወገን የነጥቅል ጎመንና የነብሮኮሊ ወገን ነው። ሁለቱ በተፈጥሮ ተዳቅለው የወለዱት፣ በእኛ ደጋና ወይና ደጋ የኖረ ተክል ነው። ዘሩን እናቶቻችን ምጣድ ያሰሱበታል። ከብሮኮሊ የሚለየው፣ በውስጡ የሚበዛው የእናቱ የሰናፍጭ ንጥረ ነገር መሆኑ ነው፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር ማለቴ ነው። እሱም ያንኑ ሥራ ይሠራል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚባለው በእኛ ላይ የደረሰ ይመስለኛል።

ይህን ተስፋ ብቻ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት የጀርመን ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ይህንኑ የእኛን ጎመን ወሰዱ፤ ጥሬውን፣ የተብላላውንና የበሰለውን ለየብቻ ጨመቁ፤ ከዚያም በቤተ ሙከራ በሰው የጉበት ሴሎች ላይ ሞከሩት። መጀመሪያ ጭማቂውን ያገኙት ሴሎች አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ሲሰጣቸው ዘረ መላቸው የደረሰበት ጉዳት ቀነሰ፤ ኤንአርኤፍ-2 የሚያዛቸው ጂኖችም ተነሡ።  ይህ በሴል ላይ የታየ ነው፤ ሰው ላይ ተሞክሮ ካንሰር ቀነሰ የሚል ምስክር ገና አይደለም። ሽማግሌ ሲመክር የታየውን ከሚጠበቀው መለየት አለበት።

ጎመኑን ትቼ አፍላቶክሲን ላይ የቆምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሲሬ ሰው በቆሎ ነው የሚበላው። ከባኮ እስከ ነቀምት መንገዱ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው፤ የአገሪቱ የበቆሎ ምርምር ትልቁ ጣቢያም ባኮ ላይ ነው። በረከታችን እሱ ነው፤ ጠላታችንም ከእሱ ጋር አብሮ ይገባል። በቆሎው ሳይደርቅ ከተከመረ፣ ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ከመታው፣ ጎተራው ጎምቢሳ ክዳኑ ካፈሰሰ፣ አረንጓዴና ቢጫ ሻጋታ ይወጣበታል። መርዙን የሚያወጣው ይህ ሻጋታ ነው። ዓለም መጀመሪያ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ እንግሊዝ አገር የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ የበሉ ከ100,000 በላይ ተርኪ ዶሮዎች አለቁ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰው ላይ አየችው፤ እርጥብ ሆኖ የተቀመጠ የገዛ ማሳቸውን በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ታመሙ፣ 125ቱ ሞቱ። ያ ብዙ ሆኖ በአንድ ጊዜ ሲገባ ነው። ትንሽ ትንሽ እያለ ዓመታት ሲገባ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ የጉበት ካንሰር ይጠነስሳል። ቀደም ብዬ ጉበት ሲለውጠው ስለት ያወጣል ያልኳችሁ መርዝ ዋናው እሱ ነው።

ስለዚህ «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ነው። ጎመን ብቻውን አይችለውም። የመጀመሪያው መድኃኒት መርዙን ከደጅ መመለስ ነው። በቆሎውን መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ አስጡ። ደርቋል አልደረቀም ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ፣ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ፍሬ በቆሎና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ነቅንቁትና አስቀምጡት፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ገና ውሃ አለው፣ ወደ ጎተራ አይግባ። የሻገተውን፣ የተበሳሳውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን ፍሬ በእጅ ልቀሙ፤ መርዙ የሚከማቸው በብዛት በእነዚህ ፍሬዎች ላይ ስለሆነ መልቀም ብዙ ይቀንሳል። እሳት ይገድለዋል ብላችሁ አትታለሉ፤ ቂጣው ቢጋገር፣ ገንፎው ቢገነፋ መርዙ እዚያው አለ። የለቀማችሁትንም «ለእኛ ካልሆነ ለላሟ ይሁን» አትበሉ። ላም የበላችው መርዝ መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ የአውሮፓን ጥብቅ ልክ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ፤ ምንጩም በብዛት የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ያን ወተት የሚጠጣው ሕፃኑ ነው።

በዚህ ላይ የጉበት ቫይረስ አለ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው አፍላቶክሲን ሲጨመርበት አደጋው መደመር ብቻ ሳይሆን መባዛት ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጠው ባለ አምስቱ ክትባት ውስጥ የዚህ ቫይረስ መከላከያ አለ፤ ቀጠሮውን ያሳለፈ ወላጅ ነገ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁለተኛው መድኃኒት ጎመኑ ነው። እናቶችና እህቶቼ፣ እናንተን ጎመን አበሳሰል ላስተምር አልደፍርም፤ ሊቃውንቱ ያገኙት ግን ከእጃችሁ ሥራ ጋር ስለሚገጥም ልናገር። ያልተነካ ቅጠል አያቃጥልም። የሚሰነፍጠው ነገር መነሻውና የሚለውጠው ኢንዛይም በቅጠሉ ውስጥ በተለያየ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ትል ሲበላው፣ ቢላ ሲከትፈው፣ ጥርስ ሲያኝከው ይገናኛሉ። ለተክሉ ከተባይ መከላከያው ነው። እንግዲህ ሙሉ ቅጠል የፈላ ውሃ ውስጥ ከተጨመረ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ሳይገናኝ ይገድለዋል። ጎመኑን ቀድማችሁ አድቅቃችሁ ክተፉት፤ ሽንኩርቱን እስክታቁላሉ፣ ቡናው እስኪወቀጥ ይረፍ። ብዙ ቀቅላችሁ ውሃውን አትድፉት፣ የጠቃሚው ነገር ብዙ ክፍል ወደ ውሃው ይወርዳል፤ በትንሽ ውሃ አብስሉት፣ ያለውም መረቅ ሆኖ ይበላ። ከገበታው አጠገብ ደግሞ ሰናፍጭ ይቀመጥ። ያልበሰለ የሰናፍጭ ፍሬ ኢንዛይሙ በውስጡ ስላለ፣ እሳት የገደለውን ይተካል። የጾም በያይነቱ ላይ ሰናፍጭ ከጎመን አጠገብ የሚቀመጠው ለጣዕም ነው እንል ነበር፤ እነሆ ለጥበቃውም ሆነ። ነጭ ሽንኩርትም በራሱ መንገድ እነዚያኑ ጠባቂዎች ያነቃል፤ እሱም ቢሆን ተወቅጦ ጥቂት ሲያርፍ ይሻላል። ባቄላና አተሩንም አትርሱ፤ ግሉታታዮን የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ ጎመን ብቻ የሚበላ ልጅ ጠባቂዎቹ ቢነቁም መርዙን የሚያስሩበት ገመድ ያጥራቸዋል።

ጾመኛውም ሥጋ በሉም፣ የመካነ ኢየሱሱም የመስጊዱም ቤተሰብ፣ ሁላችን ከአንድ ጓሮ ነው የምንቀጥፈው።

ስለ ጭሱም ልናገር። የማገዶ ጭስ ውስጥ ቤንዜን አለ፤ መኪና በሚነዳበት ቤንዚን ውስጥም የሚገኝ፣ የደም ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። ቻይና ውስጥ ቺዶንግ በምትባል ወረዳ፣ አየሩ በጭስ በተበከለበት፣ 291 ሰዎችን ይዘው ለ12 ሳምንት ለከፊሎቹ የብሮኮሊ ቡቃያ መጠጥ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ ሲታተም፣ የጠጡት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ቤንዜንን በ61 በመቶ አብልጠው በሽንታቸው ያስወጡ ነበር። ይህ በሰው ላይ የታየ ነው። የእኛ እናቶች በቀን ስንት ሰዓት ጭስ ውስጥ እንደሚቆሙ ታውቃላችሁ። ጎመን ይብሉ፤ ነገር ግን ወንዶች ስሙኝ፣ ለማድቤቱ ጭስ መውጫ ማበጀት፣ ማገዶውን አስቀድሞ ማድረቅ የእናንተ ሥራ ነው። ሚስቱን ጭስ ውስጥ አቁሞ ጎመን ብይ የሚል ባል መከረ አይባልም።

ቡናችንስ? የነቀምት ቡና «ለቀምት» ተብሎ በዓለም ገበያ በስሙ ይጠራል። በጀበና የሚፈላ፣ በወረቀት ያልተጣራ ቡና፣ ካፌስቶልና ካህዌኦል የሚባሉ ቅባቶች አሉት፤ እነሱም በእንስሳት ላይ ሲሞከሩ እነዚያኑ ኢንዛይሞች ቀስቅሰዋል። በሌላ በኩል የደም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ አተላው በደንብ ይስፈር፣ ሲኒውም በልክ ይሁን። ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ በጣም ትኩስ ነገር የጉሮሮ ቧንቧን ለካንሰር ሳያጋልጥ እንደማይቀር አስታውቋል። ሲኒው ከተቀዳ በኋላ ወሬ የምናወራበትን ጊዜ አታሳጥሩት። አቦል እየፋጀ ካልተጠጣ ቡና አልጠጣሁም የሚሉ ወዳጆቼ፣ ለእናንተ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «ማርም ሲበዛ ይመራል»። ጥሩ ነው የተባለ ነገር ሲበዛ ምን እንደሚሆን ፊንላንድ አይታለች። 29,133 አጫሽ ወንዶችን ይዘው ለከፊሎቹ ከካሮትና ከቅጠል የሚገኘውን ቤታ ካሮቲን በእንክብል ለዓመታት ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲታይ እንክብሉን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨመረ። በምግብ መልክ ያልጎዳው ነገር ተለይቶ ሲታጨቅ ጎዳ። ስለዚህ ከነቀምት ገበያም ከውጭ አገር ዘመድም የጎመን ጭማቂ እንክብል ነው ብሎ ለሚያመጣላችሁ ሰው ገንዘባችሁን አትስጡ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው እንዳይደርስባችሁ፣ ከጓሯችሁ ቅጠፉ።

ጎመኑም ራሱ ልክ አለው። በወለጋ እንቅርት የቆየ ችግራችን ነው፤ ምክንያቱም በአፈራችን ውስጥ የአዮዲን ማነስ ነው። ጎመንና ዘመዶቹ በጥሬው እየተጨመቁ በብዛት ሲወሰዱ አዮዲን ያነሰበትን ሰው እንቅርት ሊያብሱበት ይችላሉ። በስሎ በልክ ሲበላ፣ ወጡም አዮዲን ባለው ጨው ሲጣፍጥ ስጋት የለም። ጨው ስትገዙ ከረጢቱን አይታችሁ ግዙ፤ እሳቱ ላይ ቀድማችሁ አትጨምሩት፣ ድስቱ ሲወጣ ጨምሩት።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው፦ አንድ የታመመ ሰው ይህን ምክር ሰምቶ ሆስፒታል መሄዱን ትቶ ጎመን ይቀቅል ይሆናል። ልጆቼ፣ አይሆንም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ሳይቃጠል ነው። ካንሰር አንዴ ከበቀለ፣ እነዚያው ጠባቂዎች በራሱ በካንሰሩ ሴል ውስጥ ከነቁ ሴሉን ከመድኃኒቱ ሊከላከሉለት ይችላሉ፤ በብዙ የሳንባ ካንሰር ላይ ይህ ታይቷል። ስለዚህ የታመመ ሰው ከተለመደው ገበታው ውጭ ልዩ ቅጠል፣ ልዩ ጭማቂ ሳይጀምር ለሐኪሙ ይንገር። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም»። የቀኝ ጎን ሕመምና እብጠት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ምግብ አልወርድ ማለት፣ ጡት ላይ የሚዳሰስ ጓል፣ ከወር አበባ ውጭ የሚፈስ ደም ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ይመርመር። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ይገኝ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበረ፣ ከነቀምት አዲስ አበባም 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን እናውቃለን። ሰው መንገዱን ፈርቶ፣ ወጪውን ፈርቶ፣ ሐሜቱን ፈርቶ ይዘገያል። እድሩ ለቀብር ድንኳን የሚያዋጣውን ያህል ለመርመሪያ መንገድም ቢያዋጣ እላለሁ፤ በሚመጣው ስብሰባ አነሳዋለሁ፣ አግዙኝ።

እስከዚያው ግን ዘሩን ጠብቁ። ከባኮና ከነቀምት በሚመጣው የታሸገ ዘር የቤታችን ጎመን እየጠፋ ነው። ግንዱ ረዥም፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ምሬቱ ጠንከር ያለው፣ አያቶቻችን ከቤት ጀርባ በአመዱና በፍጉ ላይ የሚተክሉት እየቀነሰ ሄደ። ምሬቱ ነው ሥራ የሚሠራው። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሦስት እግር ሳይቀጥፍ ይተው፤ ያብብ፣ ያፍራ፣ ዘሩ በጨርቅ ተቋጥሮ ጭስ በማይበዛበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። የሌለው ጎረቤቱን ይለምን። ግንቦት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲጥል መደቡ ይቆፈር፣ ሰኔ ላይ ይዘራ፤ ነሐሴ ላይ ከበቆሎው እሸት ጋር ይደርሳል።